ተኑ ቀድሞ ይሄዳል

ልጆቼ፣ ኤተር ሲያዩት ውኃ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታው ጣፈጥ ይላል፤ እጅ ላይ ጠብ ቢል ቀዝቀዝ አድርጎ ወዲያው ይጠፋል። አሲድ ሲያዩ ወደ ኋላ የሚሉ ወጣቶች ኤተር ይዘው ሲሳሳቁ አይቻለሁ። አሲድ የነካውን ያቃጥላልና ይፈራል። ኤተር የነካውን ምንም ሳያደርግ ትቶ፣ ማንም ወዳላሰበው ቦታ ሄዶ ያቃጥላልና ይናቃል። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ላቦራቶሪ ጠጉሬ እስኪሸብት ስሠራ ስለዚህ ፈሳሽ ያየሁትን ሳልነግራችሁ ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል።

ወጣት ሳለሁ የተመደብኩበት ላቦራቶሪ ኃላፊ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ስለ ኤተር ትምህርት አልሰጡንም። አንድ ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ አዲሶቹን ሠራተኞች ወደ ግቢ ጠሩንና፣ ከጣሪያ የወረደ አሮጌ የቆርቆሮ አሸንዳ አንዱን ጫፍ በድንጋይ ከፍ አድርገው አጋደሙት። ከታችኛው ጫፍ አጠገብ አጭር ሻማ ለኮሱ። ከዚያም ጥጥ ላይ ጥቂት ኤተር ጠብ አድርገው በላይኛው ጫፍ አስቀመጡና «ዝም ብላችሁ እዩ» አሉን። በሻማውና በጥጡ መካከል የሰው ቁመት የሚያህል ርቀት ነበር። አሸንዳው ውስጥ የሚታይ ነገር የለም፤ ጭስ የለም፣ ጠብታ የለም። ትንሽ ቆይቶ ከሻማው ላይ ሰማያዊ ነገር ብድግ አለና አሸንዳውን ሽቅብ ሮጦ ጥጡን አነደደው። ከመካከላችን አንዱ «ማን ለኮሰው?» ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው ፈገግ አሉና «ራሱ ሄዶ እሳት ጭሮ መጣ» አሉት። እናንተ ይህን አትሞክሩት፤ እሳቸውም ያደረጉት ሜዳ ላይ፣ እርጥብ ጆንያና የአሸዋ ባልዲ አጠገባቸው አስቀምጠው ነው። ያን ዕለት የገባኝ ይህ ነው፦ የኤተር ተን ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል። ከጠረጴዛ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ በር ሥር ቁልቁል ይፈስሳል፤ እሳት ባገኘበት ተቀጣጥሎ በሄደበት መንገድ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። «እሳቱ ከኤተሩ ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ሰው ጥያቄውን ግማሽ ላይ አቁሞታል። ተኑ እስከ የት ደርሷል፣ እዚያ ማን አለ፣ ያ ሰውስ ያውቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ቁጥርም ልንገራችሁ። በኩራዝና በፋኖስ የምናነደው ነጭ ጋዝ ተኑ እሳት የሚቀበለው ፈሳሹ ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። ንጹሕ አልኮል 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀበላል። ኤተር ግን ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ላይ እንኳ ይቀበላል፤ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ይዛችሁት ብትወጡም ከመንደድ የሚያግደው ብርድ አታገኙለትም። የቤንዚን ተን አየሩ ውስጥ ከመቶ 8 እጅ ካለፈ በዝቶ አይነድም። የኤተር ተን ከመቶ 2 እጅ ገደማ ጀምሮ እስከ 36 እጅ ድረስ ይነዳል። አነሰም በዛም እንግዲህ መነጋገሪያ አይሆንም።

ነጥበ ፍሌቱ ደግሞ በባሕር ጠለል 34.6 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ 27 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ በመስኮት የገባ የቀትር ፀሐይ ለዚህ ይበቃዋል። ቆላ ስትወርዱ ነገሩ ይብሳል። ጋምቤላ ሳለሁ፣ በየካቲት ቀትር፣ አንድ ባልደረባዬ በጭነት መኪና የመጣ ጠርሙስ ከመኪናው እንደወረደ ሊከፍት ታገለ። ክዳኑ እስስስ ብሎ ተፈናጠረና ኤተሩ እንደ ተናወጠ ጠላ ገንፍሎ ክንዱን እስከ ክርኑ አራሰው። በክፍሉ እሳት ስላልነበረ በቀዘቀዘ ክንድና በራስ ምታት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ላቦራቶሪ የኤተር ጠርሙስ የሚከፈተው ማለዳ ሆነ፤ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ሳፋ ውስጥ ያድራል፣ ፊት ዞር ተደርጎ ክዳኑ በጥቂት በጥቂቱ ይላላል፣ ተኑ ቀስ ብሎ ይወጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ኤተር ያፈሰሰች ግን የምትለቅመው የላትም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራችን ልምጣ። በሰገራ ውስጥ የትል እንቁላል ጥቂት ሲሆን በተራ ስላይድ ያልፈናል፤ የብልሃርዝያ እንቁላል በተለይ እንዲህ ነው። ለዚህ ነው ፎርሞል ኤተር የምንሠራው። ሪቺ የተባለ አሜሪካዊ በ1948 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ነው፤ እስካሁንም አላረጀም። ሰገራው በፎርማሊን ተበጥብጦ በጎዝ ይጠለላል፤ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ኤተር ይጨመርበትና ቱቦው ተከድኖ በደንብ ይናጣል፤ ከዚያ ሴንትሪፊውጅ ይገባል። ኤተሩ ስቡን ይዞ ከላይ ይቀራል፣ እንቁላሉ ከታች ይዘቅጣል። የላዩ ተደፍቶ የታቹ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ስትንጡ ቱቦው ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ክዳኑን በአውራ ጣት ይዛችሁ አልፎ አልፎ ካላስተነፈሳችሁት ፊታችሁ ላይ ይተፋል። ስትደፉ ደግሞ የተደፋው የሆነ ቦታ መጠራቀሙ አይቀርም። ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ነው። ደሙም፣ ሽንቱም፣ ሰገራውም፣ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚው አክታም እዚያው ይታያል። በሠራሁበት አንድ ቦታ፣ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ አንደኛው ባልደረባችን ፎርሞል ኤተር እየሠራ፣ በሌላው ጫፍ ሌላኛዋ የአክታ ስላይዶች ላይ ካርቦል ፉክሲን አፍስሳ ከሥራቸው በስፒሪት መብራት ታሞቅ ነበር። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ነበር የሚሠሩት፤ መጽሐፉ ያዘዘውን አንድ ነገር አላጎደሉም። የተደፋው ኤተር የሚጠራቀምበት ቢከር ግን አፉ ክፍት ሆኖ በመካከላቸው ተቀምጦ ነበር። በአክታው በኩል ከነበረው መብራት ሥር ሰማያዊ ነበልባል ተነሣ፤ ጠረጴዛውን እየላሰ ተንሸራቶ ቢከሩ አፍ ላይ ቆመ። ልጁ ደንግጦ የውኃ ጆግ አነሣ። በዕድሜ የምትበልጠን ቴክኒሺያን «ውኃውን ተወው!» አለችና የስላይድ ትሪ አንሥታ ቢከሩ አፍ ላይ ከደነችበት። እሳቱ አየር አጥቶ እዚያው ሞተ። ከጣቷ ጫፍ ትንሽ ተለብልባለች፤ ሌላ ጉዳት አልደረሰም።

ያቺ ሴት ውኃውን የከለከለችው ኤተር ከውኃ ስለሚቀል ነው፤ አንድ ሊትሩ 710 ግራም ገደማ ይመዝናል። ውኃ ብትደፉበት እየነደደ በላዩ ይንሳፈፍና ጠረጴዛውን አልብሶ ወደ ወለል ይወርዳል። ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያለ እሳት ይከደናል፤ ከዚያ ላለፈው ደረቅ ዱቄት ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ማጥፊያ፣ ለፈሰሰውም አሸዋ። ማጥፊያው ከበሩ አጠገብ ይሰቀል እንጂ ከኤተሩ ጀርባ አይሁን፤ እሳቱን ተሻግሮ ማጥፊያ የሚያነሣ ሰው የለም። በዚያ ጤና ጣቢያ ከዚያ ቀን በኋላ የወጣው ደንብ አጭር ነበር። እሳት የሚፈልግ ሥራ ጠዋት ይሠራል፤ የስፒሪቱ መብራት ጠፍቶ ከክፍሉ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የኤተር ጠርሙስ ይገባል። በሩም ወለል ብሎ ይከፈታል። መስኮት ከፍታችሁ ብቻ «አናፍሰናል» አትበሉ፤ የላቦራቶሪዎቻችን መስኮት ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ተኑ ደግሞ ከእግራችሁ ሥር ነው።

ነበልባል ባይኖርም ይነዳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያምንም። ቱቦና ፒፔት ቶሎ እንዲደርቅለት በኤተር አለቅልቆ ወደ ኦቨን ሊያስገባ የነበረ ልጅ አውቃለሁ። የኦቨኑ በር ተከፍቶ ሳለ ኃላፊያችን እጁን ያዙት። ዕቃ የምናመክንበት ኦቨን 160 ዲግሪ ላይ ነው የሚሠራው፤ ኤተር ደግሞ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። ትኩስ ብረት፣ የሆት ፕሌት ገበታ፣ ሁሉም ይበቃዋል።

ልጆቼ፣ ቀጥሎ የምነግራችሁ እስካሁን ያናድደኛል። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ላቦራቶሪው ከጽዳት ሠራተኞቹ ማረፊያ ጋር በግድግዳ ይዋሰን ነበር። የላቦራቶሪው ሲንክ ውኃ በግድግዳው ሥር አልፎ ክዳን በሌለው ቦይ ወደ ጓሮ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እዚያ ቦይ አጠገብ ከሰል አያይዛ ቡና ታፈላልን ነበር፤ ቡናዋን እኛው ነን የምንጠጣው። አንድ ዓርብ ከቴክኒሺያኖቹ አንዱ የሳምንቱን የኤተር ትራፊ ሲንክ ውስጥ ደፍቶ ውኃ ለቀቀበትና እጁን ታጥቦ ወጣ። ውኃው አልወሰደውም፤ በውኃው ላይ ተሳፍሮ ሄደ። ሴትዮዋ ዕጣን ስላጨሰች ሽታ እንኳ አልደረሳትም። ጎንበስ ብላ ከሰሉን ስታራግብ ቦዩ ቦግ አለ። የነጠላዋ ጫፍና የግራ እግሯ ቁርጭምጭሚት ተቃጠሉ። ስትድን ጠባሳው ቀረባት።

በኋላ ስብሰባ ተጠራ። አንዱ ተነሥቶ «ላቦራቶሪ አጠገብ ከሰል ማን አያይዙ አላቸው?» አለ። እሷ ከኋላ ቆማ ነበር። «ጌታዬ፣ ውኃ መሰለኝ፤ ሁልጊዜ ውኃ ነው የሚወርደው» አለች። ከዚያ ስብሰባ የማስታውሰው ይህን መልስ ብቻ ነው። ኤተሩን የሚያውቀው ሰው በሩን ዘግቶ ሄዷል፤ ተኑ የደረሰባት ሴት የምታውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ኤተር በምትጠቀሙበት ቤት ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ጥበቃውን፣ ተላላኪውን ጠርታችሁ ጠርሙሱን አሳዩአቸው፤ ከርቀት ሽታውን አስለዩአቸው፤ «ይህን ከሸተታችሁ ክብሪት አትጫሩ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ እኛን ጥሩን» በሏቸው። ይህን መናገር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ትራፊውንም ሲንክ ውስጥ አትድፉ። ክዳን ባለው፣ ስም በተጻፈበት የብርጭቆ ዕቃ ተጠራቅሞ ለአደገኛ ቆሻሻ በተመደበው መንገድ ይወገድ። ሜዳ ላይ አፍስሶ ማትነንም መፍትሔ አይሆንም፤ ሜዳውም ጎረቤት አለው።

ኤተር ከላቦራቶሪ በፊት የቀዶ ሕክምና መድኃኒት ነበር። ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1846 እ.ኤ.አ. ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሰው አደንዝዞ በሐኪሞች ፊት ካሳየ ወዲህ ዓለም ለብዙ አሥርት ዓመታት በኤተር ተኝቶ ተቀድዷል። እኛም አገር በክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች እኔው ደርሼበታለሁ። አንድ ሌሊት የምጥ ቀዶ ሕክምና ላይ ጀነሬተሩ ቆመ። ደም ላመጣ እዚያው በር ላይ ነበርኩ። አንድ አስታማሚ ማሾ ለኩሶ እየሮጠ መጣ። ማደንዘዣ ሰጪው ነርስ ከታካሚዋ ፊት ቀና ሳይሉ «ወንድሜ፣ በሩን አትለፍ! ከውጭ በመስኮቱ መስታወት በኩል ያዝልን» አሉት። ሰውየው ማሾውን ከፍ አድርጎ ውጭ ቆመ፤ በመስታወቱ በገባው ብርሃን ስፌቱ አለቀ፤ ሕፃኑም እናቱም ደህና ነበሩ። እኒህ ነርስ በኋላ ሲነግሩኝ፣ የእጅ ባትሪ እንኳ በዚያ ክፍል ውስጥ አያበሩም፤ ማብሪያው ሲጫን የምትወጣው ብልጭታ ትበቃለች። ውጭ አብርተው ይዘው ይገባሉ፣ ይዘው ወጥተው ውጭ ያጠፋሉ።

መብራት በሚሄድበት አገር ይህ የየዕለት ጉዳይ ነው። ኤተር እየሠራችሁ መብራት ቢጠፋ ጠርሙሱን ክደኑ፣ ሴንትሪፊውጁን ከሶኬት ንቀሉ፣ በሩን ከፍታችሁ ውጡ። መብራቱ ድንገት ሲመለስ ሞተሩም፣ ፍሪጁም፣ ያልጠፋው ሆት ፕሌትም አብረው ይነሣሉ፤ ሁሉም ብልጭታ አላቸው።

ፍሪጅ ካልኩ አይቀር፣ ኤተርን ከሙቀት ለማዳን የቤት ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን ፍሪጅ በደንብ የተዘጋ ሳጥን ነው፣ በውስጡ አምፖልና ሙቀት መቆጣጠሪያ አለ፣ ሁለቱም ሲበሩና ሲጠፉ ብልጭ ይላሉ። ክዳኑ ትንሽ የላላ ጠርሙስ ሌሊቱን ሳጥኑን በተን ይሞላዋል። አንድ ቦታ ቅዳሜ ማለዳ ስንገባ የላቦራቶሪው ፍሪጅ በር ተነቅሎ ከተቃራኒው ግድግዳ ሥር ወድቆ አገኘነው፤ መስኮቱ ረግፏል፣ የቲቢ ስላይዶቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ሌሊት መብራት ሄዶ እንደተመለሰ ጥበቃው ነገረን። ሰው በክፍሉ ስላልነበረ እግዚአብሔርን አመሰገንን። ፍሪጁ ተቀጣጣይ ፈሳሽ እንዲቀመጥበት ተብሎ ካልተሠራ በቀር ኤተር አታስገቡበት። ጥላ ያለው፣ አየር የሚገባው፣ ከእሳትና ከሶኬት የራቀ የብረት ቁም ሣጥን ይሻለዋል፤ እሱም ከታች መደርደሪያ ላይ፣ ከፍ ካለ ቦታ እንዳይወድቅ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይህኛው ዝም ብሎ የሚቆይ ነው። ኤተር አየርና ብርሃን ባገኘው ቁጥር በውስጡ ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። ፐርኦክሳይድ ከኤተሩ ጋር አይተንም፤ ኤተሩ እየቀነሰ ሲሄድ እሱ እየበዛ፣ አንዳንዴም ክዳኑ ዙሪያ ነጭ ክሪስታል ሆኖ ይቀራል። ያን ክሪስታል ለማፈንዳት እሳት አያስፈልግም፤ ክዳኑን መጠምዘዝ፣ ጠርሙሱን መጣል ወይም ኤተሩን አሙቆ እስከ መጨረሻው ማድረቅ ይበቃል። ኤተር በቡናማ ጠርሙስ የሚመጣው ለዚህ ነው። ፋብሪካው መከላከያ ይጨምርበታል፤ መከላከያውም ዕድሜ አለው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በ2012 ዓ.ም. የሰኔ ሠላሳ ቆጠራ ላይ አማክሩን ተብዬ አንድ ግምጃ ቤት ገባሁ። ከጥግ፣ ከአሮጌ ሚዛን ጀርባ፣ ግማሽ የደረሰ የኤተር ጠርሙስ ነበር። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን አየና «ጋሼ፣ ይሄ ገና ነው፤ 2014 ይላል» አለኝ፤ እጁንም ዘረጋ። «ልጄ፣ እጅህን መልስ» አልኩት። የተጻፈው በፈረንጅ ዓመት ነበር፤ በእኛ 2006 መሆኑ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ስድስት ዓመት ያህል ሆኖታል። ክዳኑ ሥር ነጭ ነገር አቁሯል። ሰውየው ሞኝ አልነበረም። በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ዕቃ በሞዴል 22 ካልወጣ መዝገቡ ላይ እሱን ይጠብቃል፤ የማስወገጃ ኮሚቴም ቶሎ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ከዓመት ዓመት እየተቆጠረ ቆየ። በሩን ዘጋን፣ «አትክፈቱ» ብለን ጻፍንበት፣ ስለ ኬሚካል የሚያውቁ ሰዎች እስኪመጡ ማንም አልነካውም። ቆጠራው በዚያ ቀን አላለቀም። አለቅየውም ትንሽ ተቆጡ፤ ይቆጡ።

ጠርሙስ ስትረከቡና ስትከፍቱ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉበት፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩት። የተከፈተ ኤተር ከስድስት ወር በላይ አታቆዩ፤ ያልተከፈተውም ዓመት ከሞላው ይጠየቅ። የሚጠራጠር ሰው ከጠርሙሱ ጥቂት ቀድቶ በፖታሲየም አዮዳይድ ይፈትነዋል፤ ቢጫ ከሆነ ፐርኦክሳይድ አለው። ክሪስታል የታየበት ጠርሙስ ግን አይፈተንም፣ አይነካም። ከሁሉ የሚሻለው ብዙ አለማዘዝ ነው። በወር ሩብ ሊትር የማይጨርስ ጤና ጣቢያ ሁለት ሊትር ተኩል የሚያስመጣው ርካሽ ስለሆነለት ነው፤ ርካሽነቱን ግምጃ ቤት ውስጥ ሲያረጅ እዩት። ለዕለት ሥራም ትንሽ ጠርሙስ ቀድታችሁ ጠረጴዛ ላይ አውጡ፤ ትልቁ ከቁም ሣጥኑ አይውጣ።

አሁን አሁን ብዙ ላቦራቶሪ በኤተር ፈንታ ኢታይል አሲቴት ይጠቀማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ሁለቱንም ይፈቅዳል። ምርጫ ካላችሁ እሱን ምረጡ። ነጥበ ፍሌቱ 77 ዲግሪ ነው፣ እንደ ኤተር ፐርኦክሳይድ አያጠራቅምም፣ ቆላም ሲወርድ አይገነፍልም። ሆኖም ተኑ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ላይ እሳት ይቀበላል፣ ከአየርም ይከብዳል። አንድ ወጣት «ጋሼ፣ እኛ ኤተር ትተናል» ሲለኝ የስፒሪት መብራቱ የት እንደሆነ ጠየቅሁት። ከቱቦዎቹ አጠገብ ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እሳት ቢነሣ፣ ልብሱ የተቀጣጠለ ሰው አይሩጥ፤ አስተኙት፣ በብርድ ልብስ ወይም በወፍራም ጋቢ ጠቅልላችሁ አንከባሉት። ናይለን የሆነ ልብስ ቆዳ ላይ ቀልጦ ይጣበቃልና ላቦራቶሪ የጥጥ ጋዎን ልበሱ፤ የተጣበቀውን አትገንጥሉ። የተቃጠለውን ቦታ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል አርጥቡት፤ በረዶ አታድርጉበት። ያቺ ቡና የምታፈላልን ሴት እግሯ ላይ ቀድሞ የደረሰው ሰው የጥርስ ሳሙና ቀባላት፣ ሌላው እንቁላል ሰበረበት፤ ነርሷ ያን ለማጠብ ስትል ሌላ ሥቃይ ሆነባት። ቅቤም፣ ጭቃም፣ ሳሙናም ይቅር። ፊቱ ወይም የአፍንጫው ጠጉር የተለበለበ ሰው ካያችሁ፣ እየተነጋገረና እየሳቀ «ደህና ነኝ» ቢላችሁ እንኳ ቤቱ አትስደዱት። የጉሮሮ ቃጠሎ እብጠቱ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ብቻውን ከሆነ ይታፈናል። አንዳችሁ አብራችሁት ሆስፒታል ሂዱ፤ ምን እንደነደደ፣ ምን ያህል እንደተነፈሰም ለሐኪሙ ንገሩ።